ሽፋን ደህናውን ፍሬ ያቆያል፣ የተጎዳውን አያድንም

ስለ ፍራፍሬ የድህረ ምርት አያያዝና ስለሚበላ ሽፋን ለሞዴል አርሶ አደሮች የቀረበ የሥልጠና ንግግር

ከሌሞና ከአንጋጫ፣ ከሾኔና ከዱራሜ፣ ከሺንሺቾና ከሀደሮ የማለዳ ሥራችሁን ትታችሁ እዚህ ሆሳዕና ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ።

የዛሬውን ርዕስ የመረጡልኝ ከእናንተው መካከል አንድ አባት ናቸው። በአንድ የመስክ ቀን ላይ ተነሥተው እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ፍሬ ላይ ሲቀቡት ብዙ ቀን ሳይበላሽ የሚያቆይ ነገር ፈረንጆቹ አላቸው ይባላል። ችግኝ ትከሉ ስትሉን ተከልን። አሁን ፍሬው መጣ፣ ገበያ ሳይደርስ ግን ይበሰብሳል። ያንን ቅባት ለምን አታመጡልንም?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። በ30-40-30 የፍራፍሬ ልማት እያንዳንዱ ቤተሰብ በሦስት ዓመት መቶ ችግኝ እንዲተክል ስንቀሰቅስ ቆይተናል። የተዳቀለ አቮካዶ ደግሞ በሦስትና በአራት ዓመቱ ፍሬ መስጠት ይጀምራል። አብሮ የተተከለ አብሮ ያፈራል፤ አብሮ ያፈራም አብሮ ገበያ ይወጣል። ያን ጊዜ ነጋዴው ዋጋ የሚቆርጠው ፍሬያችሁ እንደማይቆይ አውቆ ነው። ዛሬ ካልሸጣችሁለት ነገ ለከብት እንደምትሰጡት ያውቃል። ስለዚህ ፍሬን አምስት ቀን ጨምሮ ማቆየት ማለት በዋጋ ድርድር ላይ አምስት ቀን አቅም ማግኘት ማለት ነው።

ለእኚያ አባት የሰጠሁትን መልስ አስቀድሜ ልንገራችሁ። እንዲህ ያለ ሽፋን አለ፣ በምርምርም ተፈትኖ ሠርቷል፤ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዳንዶቹም በአገራችን ይገኛሉ። ሆኖም ሽፋን የመጨረሻው ሥራ ነው። ከዛፍ በዱላ ተመትቶ የወረደን ፍሬ የትኛውም ሽፋን አያድነውም። የዛሬው ትምህርት በሙሉ በዚህ ነጥብ ላይ ይቆማል።

ፍሬ ከተለቀመ በኋላ ምን ይሆናል?

የተለቀመ ፍሬ የሞተ አይደለም። ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ያስገባል፣ የተቃጠለ አየር ያስወጣል። በዛፍ ላይ ሳለ ያከማቸውን ስኳርና ስታርች እየበላ ይኖራል። ውኃውም በቆዳው ቀዳዳዎች ይተንናል። በዛፍ ላይ እያለ የተነነውን ሥሩ ይተካለት ነበር፤ ከተለቀመ በኋላ ግን የሚተካለት የለም። ስለዚህ ይቀልላል፣ ይጨማደዳል። እናንተ በኪሎ ስለምትሸጡ የተነነው ውኃ ገንዘባችሁ ነው።

ሙቀት ይህን ሁሉ ያፋጥነዋል። በአካባቢው ያለው ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የፍሬው አተነፋፈስ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በቀን የተከመረ ፍሬና በሳር ቤት ጥላ ውስጥ የዋለ ፍሬ እኩል የማይቆዩት ለዚህ ነው።

ሌላው ነገር ፍሬው ራሱ የሚያወጣው ኤቲሊን የሚባል አየር ነው። አንድ የበሰለ ሙዝ አጠገቡ ያለውን ጥሬ አቮካዶ የሚያበስለው በዚህ አየር ነው። ሙዝ አብሳዮች በተዘጋ ቤት ውስጥ ላምባ ሲያነድዱም ጭሱ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ነው ሙዙን የሚያበስለው። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ሙዝ ሁሉም ከተለቀሙ በኋላ የሚበስሉ ናቸው። ስለዚህ ፍሬ ማቆየት ማለት ሦስት ነገር ማድረግ ነው፦ አተነፋፈሱን ማዘግየት፣ ውኃውን መያዝና ሻጋታ የሚገባበትን ቁስል መከላከል።

የሚበላ ሽፋን ምንድን ነው?

የቡላ ገንፎ ሳህን ላይ ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ይሠራል። ያ ቆዳ ሥሩ ያለው ገንፎ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል፤ ቢበላም ጉዳት የለውም። የሚበላ ሽፋን ማለት ይኸው ነው። ፍሬው ንጹሕ በሆነ ስስ ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል ወይም ይረጭበታል፤ ሲደርቅ በዓይን የማይታይ ቆዳ ይሆናል። ያ ቆዳ የአየሩን መግቢያና መውጫ ያጠብበታል፣ ግን አይዘጋውም። ፍሬው ቀስ ብሎ እየተነፈሰ ይቆያል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በቻይና ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ብርቱካንና ሎሚ በሰም ይሸፈን እንደነበር ይነገራል። እኛም ቆጮን በኮባ ጠቅልለን ጉድጓድ ውስጥ የምናቆየው አየሩን ለመቆጣጠር ነው። በአሜሪካ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ አፒል የተባለ ኩባንያ ከዕፅዋት ቅባት የተሠራ ሽፋን አዘጋጅቶ ከ2018 ጀምሮ የተሸፈነ አቮካዶ በሱቆች እንዲሸጥ አድርጓል። እኚያ አባት የሰሙት ወሬ ምናልባት ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሽፋን የሚሠራባቸው ነገሮች በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው የቅባትና የሰም ወገን ነው። የማር ሰፈፍ ከዚህ ይመደባል። ሰም ውኃን በደንብ ይይዛል፤ ፍሬው ቶሎ እንዳይቀልል ያደርጋል። ጉድለቱ ሲወፍር አየርን ጨርሶ መዝጋቱ ነው።

ሁለተኛው የስታርችና የሙጫ ወገን ነው። የካሳቫ ስታርች፣ በንግድ ስሙ ጋም አረቢክ የሚባለው የግራር ሙጫ፣ የእሬት ዝልግልግ ከዚህ ይመደባሉ። እነዚህ የአየሩን ዝውውር በደንብ ያዘገያሉ፤ ውኃን በመያዝ ግን ከሰም ያንሳሉ። ዝናብ ወይም ላብ ካገኛቸውም ይሟሟሉ።

ሦስተኛው ካይቶሳን የሚባለው ነው። ከባሕር ሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ይወጣል። ሽፋን ከመሆኑ በላይ ሻጋታን ይከላከላል። ነገር ግን በሃይማኖቱ ምክንያት ከእንዲህ ያለ እንስሳ የተገኘ ነገር የማይበላ ሰው አለ፤ ለባሕር ቅርፊት ለባሽ እንስሳት አለርጂ ያለበትም አለ። ስለዚህ ይህን የተቀባ ፍሬ የሚሸጥ ሰው ለገዢው መናገር አለበት።

ምርምሩ ምን አሳየ?

ከቅርባችን ልጀምር። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናታቸው አፕል እና ቶሚ አትኪንስ በሚባሉ የማንጎ ዝርያዎች ላይ የማር ሰምንና ካይቶሳንን ፈትነዋል። የተሸፈነው ማንጎ ካልተሸፈነው ያነሰ ክብደት ቀነሰ፣ የበሰበሰውም አነሰ፣ ጥራቱን ይዞም ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ።

በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የሞሪንጋ ቅጠል ጭማቂን፣ እኛ ሽፈራው የምንለውን ዛፍ ማለት ነው፣ ከሽፋን ነገሮች ጋር ቀላቅለው በአቮካዶ ላይ ሞክረው ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። በማሌዥያ የተደረገ ጥናት ደግሞ በ10 በመቶ የግራር ሙጫ የተሸፈነ ቲማቲም በ20 ዲግሪ ሙቀት እስከ 20 ቀን ያለ ብልሽትና ያለ መጥፎ ጣዕም እንደቆየ በ2010 እ.ኤ.አ. አሳይቷል።

እነዚህን ስትሰሙ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በጥናቶቹ ሁሉ ላይ የተሸፈነው ፍሬ በጥንቃቄ የተለቀመ፣ ቁስል የሌለበት፣ በመጠንና በብስለት የተመረጠ፣ የታጠበና የደረቀ ነበር። ተመራማሪው የተመታውን ፍሬ አስቀድሞ ይጥለዋል። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከተመታው ነው።

እኔ የተሳሳትኩት

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ሰርቶ ማሳያ ላሳይ ብዬ ከገበያ አቮካዶ ገዛሁ። ጊዜ ስላጠረኝ ማን እንዴት እንደለቀመው አልጠየቅሁም። ሰፈፍ አቅልጬ ከምግብ ዘይት ጋር ቀላቀልኩና ግማሹን ፍሬ ነከርኩ። ፍሬው አበራ፤ አርሶ አደሮቹም አደነቁ። «ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሱ» አልኳቸው።

በአሥረኛው ቀን ተመለሱ። የተቀባው ፍሬ አሁንም ያበራ ነበር። አንዲት እናት አንዱን አንሥተው በቢላዋ ከፈቱት። ውስጡ ጠቁሯል፣ አረቄ አረቄ ይሸታል። ሌላውንም ከፈቱ፤ ያው ነው። ሰፈፉ ወፍራም ስለነበር ፍሬው መተንፈስ አቅቶት ውስጥ ውስጡን ፈልቷል። ሞቃቱ ሰፈፍ ቆዳውን አቃጥሎታል፤ ሰፈፍ የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ በላይ ነውና። በዱላ ተመትቶ የወረደው ደግሞ ከተመታበት ቦታ ጀምሮ በስብሷል። ሽፋኑ ያደረገው ነገር ቢኖር ብልሽቱን ከዓይን መደበቅ ብቻ ነበር።

እኚያ እናት ቢላዋውን እየጠረጉ፣ «እኛ ቤት ጓሮ በእጄ የለቀምኩት አለ፤ ምንም አልቀባሁትም፣ እስካሁን ደህና ነው» አሉኝ። በማግስቱ ሄጄ አየሁት። እውነታቸውን ነበር። በእጅ የተለቀመው ያልተቀባ ፍሬ በዱላ ወርዶ ከተቀባው የበለጠ ቆይቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥልጠናዬን የምጀምረው ከሽፋን ሳይሆን ከአለቃቀም ነው።

ከሽፋን በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

በመጀመሪያ «ደረሰ» እና «በሰለ» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንለይ። አቮካዶ በዛፍ ላይ ይደርሳል እንጂ አይበስልም። የሚበስለው ከተለቀመ በኋላ ነው። ሳይደርስ የተለቀመ አቮካዶ ይጨማደዳል፣ እንደ ጎማ ይለመጣል፣ ጣዕምም አይኖረውም። እንዲህ ያለውን ፍሬ መሸፈን ሳሙናም ገንዘብም ማባከን ነው። መድረሱን ለማወቅ ከተለያየ ዛፍ ጥቂት ፍሬ ለቅማችሁ በቤት አስቀምጡ። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ሳይጨማደድ እኩል ከለሰለሰ ደርሷል። ከፍታችሁ ስታዩት የፍሬው ውስጥ ልባስ ስስና ቡናማ ሆኖ ከሆነም የመድረስ ምልክት ነው። ገዢው ድርጅት ከሆነ ደረቅ ይዘት ይለካል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለሃስ ዝርያ ቢያንስ 21 በመቶ ይጠይቃል። ይህም ማለት 100 ግራም ሥጋው ውኃው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ 21 ግራም መቅረት አለበት።

ከዚህ አንድ ትልቅ ጥቅም ይገኛል። የደረሰ አቮካዶ በዛፉ ላይ ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል ዛፉ ራሱ ነጻ መጋዘን ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ማውረድ አያስፈልግም። ትልልቁን አስቀድማችሁ ልቀሙ፤ ትንሹን ለሚቀጥለው ዙር ተዉት። ብቻ ከልክ በላይ አታቆዩት፤ ዛፉ ፍሬ ተሸክሞ በከረመ መጠን የሚቀጥለው ዓመት ምርት ይቀንሳል። ማንጎ፣ ፓፓያና ሙዝ ግን በዛፍ ላይ ስለሚበስሉ ይህ ለእነርሱ አይሠራም።

ሁለተኛው አለቃቀም ነው። ዱላ ይቅር፤ ዛፉን መነቅነቅም ይቅር። እጅ የማይደርስበትን በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ከረጢት ሰፍታችሁ አውርዱ። አቮካዶን በመቀስ ስትቆርጡ አጭር ዘንግ ከፍሬው ጋር ይቅር፤ ተነቅሎ ከወጣ ሻጋታ የሚገባበት በር ይከፈታል። ማንጎ ሲቆረጥ የሚወጣው ወተት ቆዳውን ስለሚያቃጥል ዘንጉን ወደ ታች አድርጋችሁ እስኪንጠፈጠፍ ጠብቁ። ጠል ሲደርቅ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ልቀሙ። በዝናብ እርጥብ የሆነውን ፍሬ አትልቀሙ።

ሦስተኛው ማጓጓዣው ነው። ከሆሳዕና በቡታጅራ አድርጎ እስከ አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ፣ ላዩ ላይ ሰው ተቀምጦበት በአይሱዙ የሚሄድ ፍሬ በየጉድጓዱ ይቀጠቀጣል። ቁስሉ ያኔ አይታይም፤ ሲበስል ግን ጠቁሮ ይወጣል። የፕላስቲክ ሳጥን ለአንድ ሰው ውድ ነው፣ በማኅበር ከተገዛና በየዙሩ ከተመለሰ ግን ይቻላል።

አራተኛው መለየት ነው። የደረሰውን ካልደረሰው፣ ደህናውን ከቆሰለው፣ ትልቁን ከትንሹ ለዩ። ለትኩስ ገበያ መልኩ የማያምር ፍሬ ከደረሰና ካልበሰበሰ ሌላ ገዢ አለው፤ ለምሳሌ በይርጋለም የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ አቮካዶ ተጨምቆ ዘይት ይመረታል። የበሰበሰው ግን ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ይሂድ፤ ከደህናው ጋር አይደር።

እነዚህን አራት ሥራዎች የሠራ ሰው ምንም ሳይቀባ ብዙ ቀን ያተርፋል። ሽፋን የሚጠቅመው ለዚህ ሰው ነው።

በትንሹ እንዴት እንሞክር?

ለቤት ሙከራ የምመክረው የግራር ሙጫን ነው። የማር ሰም ሽፋን በፋብሪካ የሚዘጋጀው ሰሙን ከውኃ ጋር በሚያዋሕድ ነገርና በመሣሪያ ነው፤ በቤት ድስት አይሆንም። የእኔን ታሪክ ሰምታችኋል። የግራር ሙጫ ግን በውኃ ይሟሟል፣ ሙቀትም ብዙ አይፈልግም፣ የሚበላው ሰውም በውኃ አጥቦ ሊያስወግደው ይችላል። ስትገዙ ለምግብ የተፈቀደ መሆኑን አረጋግጡ፤ በምግብ መለያው ላይ ኢ 414 ተብሎ ይጻፋል። ከገበያ የምታገኙት ሙጫ ሁሉ የግራር ሙጫ አይደለም። ዕጣንና ከርቤም ሌላ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. በእጅ የተለቀመ 20 አቮካዶ፣ ወድቆ ወይም ተመትቶ የወረደ ሌላ 20 አቮካዶ አዘጋጁ። ሁለቱም በአንድ ቀን ከአንድ ዛፍ ይሁኑ።

2. በንጹሕ ውኃ እጠቡ። ለማጽዳት 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና ካላችሁ በ10 ሊትር ውኃ 20 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፤ ፍሬውን ለጥቂት ደቂቃ ነክራችሁ በንጹሕ ውኃ አለቅልቁት። ከዚያ በጥላ አድርቁት። እርጥብ ፍሬ ላይ ሽፋን አይዝም።

3. ተፈልቶ ለብ ያለ 5 ሊትር ውኃ ውስጥ 500 ግራም የተፈጨ የግራር ሙጫ ጥቂት በጥቂት እየበተናችሁ አማስሉ። እስኪሟሟ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፤ እስኪቀዘቅዝም ጠብቁ።

4. በእጅ ከተለቀመው 10፣ ከተመታው 10 ፍሬ ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ንከሩ። አውጥታችሁ በወንፊት ወይም በሽቦ ላይ፣ ፍሬ ከፍሬ ሳይነካካ፣ በጥላ ነፋስ አድርቁ። የቀሩትን 20 ሳትነክሩ ተዉአቸው።

5. አሁን አራት ክፍል አላችሁ፦ በእጅ ተለቅሞ የተሸፈነ፣ በእጅ ተለቅሞ ያልተሸፈነ፣ ተመትቶ የተሸፈነ፣ ተመትቶ ያልተሸፈነ። በየክፍላቸው ምልክት አድርጋችሁ በአንድ ቀዝቃዛ ጥላ ቤት አስቀምጡ። የበሰለ ሙዝ አጠገባቸው አይኑር።

6. በየሦስት ቀኑ መዝኑ፤ የለሰለሰውንና የበሰበሰውን ቁጠሩ፤ በደብተር ጻፉ። 10 ፍሬ በመጀመሪያ 2,000 ግራም መዝኖ በኋላ 1,900 ግራም ከሆነ 5 በመቶ ክብደት ቀንሷል ማለት ነው።

7. በመጨረሻ ከፍታችሁ ቅመሱ። ይህን አትዝለሉት። ላዩን ያማረ ውስጡን ሊያሳፍር ይችላል። አረቄ ወይም ጠላ የሚሸት ከሆነ ሽፋኑ ወፍሯል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሙጫውን ቀንሱ።

የተረፈውን ፈሳሽ ለነገ አታሳድሩት፤ ይቦካል። በአንዱ ፍሬ ላይ ያለው ሻጋታም በፈሳሹ አማካይነት ወደ ሁሉም ይዛመታል።

ሽፋን ብቻውን የማቀዝቀዣን ቦታ እንደማይተካም እወቁ። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ይበልጥ ይሠራሉ። ቅዝቃዜም ልክ አለው፦ ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች፣ ማንጎም ከ12 ዲግሪ በታች ከቆየ ይጎዳል፣ ይጠቁራል፣ በትክክልም አይበስልም። ስለዚህ ጥሬ ሙዝና ጥሬ ማንጎ በቤት ፍሪጅ አይቀመጡም። የሆሳዕናና የአካባቢዋ ደጋ የሌሊት አየር ግን ያለ ክፍያ የተሰጠን ማቀዝቀዣ ነው። ማታ መስኮት ከፍታችሁ፣ ቀን ዘግታችሁ ተጠቀሙበት።

ፈጽሞ የማይደረጉ ነገሮች

የሱቅ ሻማ አቅልጣችሁ ፍሬ አትቀቡ፤ ሻማ የሚሠራበት ፓራፊን ለምግብ ተብሎ የተጣራ አይደለም። ጧፍም ቢሆን ክሩና ቆሻሻው አብሮ አለ። የሞተር ዘይት፣ ናፍጣና ላምባ የነካው ፍሬ ምግብ መሆኑ አብቅቷል። በየጥጉ የበቀለውን እሬት ቆርጣችሁ አትጠቀሙ፤ የእሬት ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ከቆዳው ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽም ሆድ ያስቀምጣል። ፀረ ሻጋታ ወይም ፀረ ተባይ መድኃኒት በራሳችሁ ግምት ከሽፋን ጋር አትቀላቅሉ። ስም የሌለው፣ መለያ የሌለው፣ «ፍሬ ያቆያል» ተብሎ በጠርሙስ የሚዞር ፈሳሽ ካጋጠማችሁ አትግዙ፤ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁ አሳዩ። ለምግብ የሚሆነውንና የማይሆነውን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ እርሱ ያላወቀውን እኛም አንቀባም።

የቆሰለውንም በሽፋን አድምቃችሁ አትሽጡ። ገዢ አንድ ጊዜ ይታለላል። በሚቀጥለው ዙር ግን «የዚያ አካባቢ ፍሬ» ብሎ የሁላችንንም ዋጋ ይቀንሳል።

ስሌቱና የማኅበር ሥራ

ሽፋን ያዋጣል ወይ? መልሱ ከደብተራችሁ ይወጣል። ለአንድ ኩንታል ፍሬ የሚያስፈልገውን ሙጫ፣ ውኃና የሰው ጉልበት ደምሩ። በሌላ ወገን ሳይበላሽ የተረፈውን ኪሎና ቆይቶ በመሸጥ የተገኘውን የዋጋ ጭማሪ ደምሩ። ሁለተኛው ከበለጠ ቀጥሉ፤ ካልበለጠ ተዉት። ለምሳሌ ከ100 ኪሎ ቀድሞ 20 ኪሎ ይበላሽ የነበረው በእጅ ለቀማ ብቻ ወደ 8 ኪሎ ቢወርድ፣ ሽፋኑ ሊያተርፍላችሁ የሚችለው ከቀረው 8 ኪሎ ላይ ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ርካሹን ሥራ ሥሩ፤ ውዱን በኋላ።

ገዢው በሁለትና በሦስት ቀን የሚበላ የሆሳዕና ወይም የዱራሜ ገበያ ከሆነ ሽፋን አያስፈልግም። ፍሬው ሩቅ የሚሄድ፣ ብዛት ያለውና በጥራት የሚከፈልበት ሲሆን ግን ይታሰብበታል። ያም ቢሆን በየቤቱ ባልዲ የሚሠራ አይደለም። ማጠቢያ፣ ማድረቂያ፣ ሚዛንና ሳጥን ያለው አንድ መሰብሰቢያ ቦታ በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በዩኒየን ደረጃ ሲቋቋም ፍሬው አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ገዢውም ያምነዋል። ይህን ጥያቄ በየማኅበራችሁ ጉባኤ አንሡ። ስታነሡም የሙከራ ደብተራችሁን ይዛችሁ ቅረቡ፤ ቁጥር ያለው ሰው ሲናገር ይደመጣል።

ማጠቃለያ

አቮካዶ ወደ አገራችን የገባው በ1930 ዓ.ም. አካባቢ በሂርናና በወንዶ ገነት እንደሆነ ይጻፋል። ዛሬ በየጓሯችን በእንሰቱና በቡናው መካከል ቆሟል። መትከሉን ተምረናል። የቀረን ፍሬውን ያለ ቁስል ማውረድና ያለ ብልሽት ማድረስ ነው።

ከዛሬ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። እያንዳንዳችሁ የ40 ፍሬውን ሙከራ አንድ ጊዜ ሥሩ፤ ሙጫ ያላገኘ ሰው በእጅ የተለቀመውንና የተመታውን ብቻ ያወዳድር። በየልማት ቡድናችሁ ለጎረቤቶቻችሁ ከፍታችሁ አሳዩ፤ ያልሠራውንም አትደብቁ። እኔ የበሰበሰውን አቮካዶዬን በሰው ፊት ባላስከፍት ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ስብሰባችን ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እኔ ከምናገር እናንተ ብትናገሩ ይሻላል።

እኚያ የጠየቁኝ አባት ዛሬ እዚህ አሉ። አባቴ፣ ቅባቱን በጠርሙስ ይዤልዎ አልመጣሁም። ግን ቤትዎ ሲገቡ ያንን ረጅም ዱላ ከዛፉ ሥር አንሥተው ጫፉ ላይ ከረጢት ይስፉበት። ስለ ሽፋኑ ከዚያ በኋላ አብረን እንነጋገራለን።